ነፋሻው ተረተር፦ የሞያሌ ኮረብቶች የእግር መንገድ ታሪክ

በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ለሁለት የተከፈለችው ሞያሌ ከባሕር እጅግ የራቀች ከተማ ብትሆንም፣ በኮረብቶቿ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ግን ብዙውን ጊዜ ከባሕር የሚመጣ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው የደቡብ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር አልቆ ወደ ሰሜን ኬንያ ደረቅ ሜዳ በሚወርድበት ተረተር ላይ ሲሆን፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በኢትዮጵያና በኬንያ ተራሮች መካከል ባለው ዝቅተኛ ምድር ሲያልፍ እየጠበበና እየፈጠነ ይሄዳል። የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች ኪኑትያና አስናኒ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያጠኑት ይህ ፈጣን የአየር ጅረት የቱርካና ጄት ተብሎ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረቀውና 365 ተርባይኖች ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫም የኬንያዋ ሞያሌ በምትገኝበት በማርሳቢት አውራጃ የተተከለው ይህንኑ ነፋስ ተማምኖ ነው።

የአካባቢው ከብት አርቢዎች ቦረናዎች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ቀዝቃዛና ነፋሻ የደረቅ ወቅት አዶሌሳ ይሉታል። በዚህ ወቅት የሚታለቡት ላሞች ወራ በሚባለው የቤት መንጋ ውስጥ በመንደር አቅራቢያ ሲቆዩ፣ ፎራ የሚባለው ዘላን መንጋ ግን ከወጣት እረኞች ጋር ከኮረብታ ኮረብታ፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይጓዛል። መንገዱን የሚወስነው ኤላ የሚባለው ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ነው፤ እንደ ዱብሉቅ ባሉት ጉድጓዶች ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑና ባልዲ እየተቀባበሉ ውኃውን ያወጣሉ። ከሞያሌ በስተምዕራብ የሚገኘው የፎሮሌ ተራራ ደግሞ የግመል አርቢዎቹ የጋብራዎች ቅዱስ ስፍራ ሲሆን፣ ከትውልድ መደብ ሽግግር ጋር በተያያዘው ጅላ በሚባለው የአምልኮ ጉዞ ግመሎቻቸውን እየነዱ ወደ እሱ ይወጣሉ። ድንበር የሚባል ነገር ከመምጣቱ አስቀድሞ ይህ ምድር በእግር የታወቀ፣ እያንዳንዱ ኮረብታም ስምና ባለመብት ያለው ነበር።

የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1897 አካባቢ ቦረናን ከያዘ በኋላ፣ ከደቡብ የመጣው የብሪታንያ የምሥራቅ አፍሪካ ግዛትና የኢትዮጵያ መንግሥት ጎረቤት ሆኑ፤ ይሁንና በሁለቱ መካከል ያለው መስመር የት እንደሚያልፍ በመሬት ላይ ያየ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 እና በ1903 አርቺባልድ በተር የተባለ ብሪታንያዊ የመራው ጉዞ ይህንኑ መስመር ለማጥናት የተላከ ሲሆን፣ ቅየሳውን የሠራው የመሐንዲሶች ጦር ባልደረባ ሻምበል ፊሊፕ ሞድ ነበር። የዚያ ዘመን ቀያሽ ከፍ ካለ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ወደ ሌሎች ጫፎች ያለውን ማዕዘን በመለካት ካርታውን ስለሚያዘጋጅ፣ የቀያሹ ሥራ ከዳገት ጉዞ ሊነጠል አይችልም ነበር። ከዶሎ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለትም እስከ ዛሬው ቱርካና ድረስ የተዘረጋው የሞድ መስመር ኮረብታና ገደል እየተከተለ የተሠመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ለቀያሹ ኮረብታ ጥሩ ምልክት ነው፤ ለእረኛው ግን በኮረብታው ግርጌ ያለው ውኃ ነውና የሚበልጠው፣ ሁለቱ አንድን ምድር እያዩ የተለያየ ነገር ያዩ ነበር ለማለት ይቻላል።

ኅዳር 26 ቀን 1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 1907) በኢትዮጵያና በብሪታንያ መካከል በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት ይህንን ልዩነት ጨርሶ አልዘነጋውም፤ በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ጎሳዎች እንደ ቀድሞው በሌላው ወገን ግጦሽ እንዲጠቀሙና በአቅራቢያቸው ወዳሉት ጉድጓዶች በነፃነት እንዲደርሱ ፈቅዷል። በድንበር ታሪክ ውስጥ ከመስመሩ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ይህ አንቀጽ ነው፤ የድንበሩ ባለቤቶች ነገሥታትና መልእክተኞች ብቻ አለመሆናቸውን ውሉ ራሱ መስክሯልና። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1909 ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መስመሩን በምድር ላይ ሲያመለክት በአንዳንድ ስፍራ ስላዛነፈው የኢትዮጵያ መንግሥት አልተቀበለውም፤ ጉዳዩም በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል የመጨረሻው ስምምነት እስከተፈረመበት እስከ 1970 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲጎተት ቆየ። በብሪታንያ መንግሥት በድንበር ተቆጣጣሪነት የተሾመው የግሪክ ተወላጅ ፊሊፕ ዛፊሮ በሞያሌ ያቋቋመው ጣቢያ፣ በአዲስ አበባ የብሪታንያ መልእክተኛ በነበሩት በጆን ሃሪንግተን ስም ፎርት ሃሪንግተን ተብሎ ተሰይሞ ነበር።

ተረተሩ በጦርነትም ጊዜ ዋጋ ነበረው። የኢጣሊያ ጦር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1940 መጀመሪያ የኬንያዋን ሞያሌ ከቦ በመድፍ ሲደበድብ፣ በምሽጉ የነበሩት የብሪታንያው የንጉሥ አፍሪካውያን ጠመንጃ ያዥ ጦር ወታደሮች ለሁለት ሳምንት ያህል ተቋቁመው፣ በወሩ አጋማሽ በጨለማ ከበባውን ሾልከው በእግራቸው ወጡ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1941 በብሪታንያ ወገን የተዋጉት ደቡብ አፍሪካውያን የሜጋን ከተማ ከያዙ በኋላ ሞያሌም ወደ ብሪታንያ እጅ ተመለሰች።

ዛሬ አስፋልቱ ናይሮቢንና አዲስ አበባን በሞያሌ በኩል ያገናኛል፤ የጋራው የድንበር ኬላም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ተመርቋል። መኪናው ኮረብታውን በደቂቃዎች ሲያልፈው፣ የእግር መንገዶቹን፣ የጉድጓዶቹንና የየኮረብታውን ስም የሚያውቁት አረጋውያን ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው። የሞድና የግዊን ካርታዎች በአውሮፓ መዛግብት ተጠብቀው ሲገኙ የቦረናና የጋብራ የመንገድ ዕውቀት ግን በአብዛኛው በቃል ብቻ ያለ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያም በኬንያም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በሕይወት ያሉትን አዋቂዎች ቀርበው ሊመዘግቡት ይገባል።