ለስምጥ ሸለቆ መንገድ የሚስማማ አነስተኛ ሞተር ሳይክል፦ ከቡልቡላ አንጻር እንዴት ይመረጣል?

ቡልቡላ በምሥራቅ ሸዋ ዞን፣ ከባቱ (ዝዋይ) ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟን የምትጋራው የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ተነሥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈስሳል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡልቡላ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከተማዋን ከአካባቢው አልፎ እንድትታወቅ አድርጓታል።

በዚህ አካባቢ ለሚኖር መምህር፣ የግብርና ባለሙያ፣ የእርሻ ሠራተኛ ወይም አነስተኛ ነጋዴ ሞተር ሳይክል የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ወደ ሥራ ያደርሳል፤ በገበያ ቀን ዕቃ ይጭናል፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ አዳማ፣ አሰላ ወይም ሐዋሳ ያለ ቤተሰብ ዘንድ ያደርሳል። ግዢው በአብዛኛው የዓመታት ቁጠባ ወይም የከብት ሽያጭ ገንዘብ የሚፈስበት በመሆኑ አንድ ጊዜ ከተሳሳቱ በቀላሉ የሚታረም አይደለም። ስለሆነም አንዱን ሞተር ለዕለት ሥራም ለረጅም ጉዞም ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ከቀለሙና ከፍጥነቱ በፊት ሊያያቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ።

መንገዱን አስቀድሞ ማጥናት

የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ሞተር ይሻላል?» ሳይሆን «በሳምንት ውስጥ አብዛኛው ጉዞ በየትኛው መንገድ ነው?» የሚለው ነው። ከቡልቡላ ባቱ 30 ኪሎ ሜትር የማይሞላ የአስፋልት መንገድ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚያስገባው ግን ሌላ ዓለም ነው። በበጋ ቀላል የእሳተ ገሞራ አቧራና አሸዋ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃና ውኃ የቆረጠው ቦይ ያጋጥማል።

ከአሥር ጉዞው ስምንቱ በአስፋልት የሆነ ሰው ዝቅ ያለና ባለ 17 ኢንች ጎማ የመንገድ ሞተር ይበቃዋል። አብዛኛው ጉዞው በገጠር የሆነ ግን ከመሬት ከፍ ያለ፣ የፊት ጎማው ትልቅና ጥርሱ ጎላ ያለ፣ ረጅም ሞላ ያለው ሞተር ያስፈልገዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚደረግ ጉዞ ብሎ ለዕለት መንገድ የማይመች ሞተር መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው። በየቀኑ የሚያገለግል ሞተር በዓመት ሁለት ጊዜ በዝግታም ቢሆን ሩቅ ያደርሳል።

የሞተር መጠን፦ 100፣ 125 ወይስ 150 ሲሲ?

ሲሲ የሚባለው ነዳጅና አየር ተቀላቅሎ የሚቃጠልበት የሲሊንደር ይዞታ መለኪያ ነው። 100 ሲሲ ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ለአንድ ሰውና ለአጭር ርቀት በቂ ሲሆን ሰው አፈናጥጦ ዳገት ሲወጣ ግን ማርሽ ደጋግሞ ማውረድ ይጠይቃል። 125 ሲሲ የመካከለኛው ምርጫ ነው፤ በሰዓት 60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ሳይጨነቅ ይሄዳል። 150 ሲሲ ከሰው ጋር ዕቃ ለሚጭንና በአውራ ጎዳና ላይ ለሚመላለስ ሰው ትርፍ ጉልበት ይሰጣል። ከ200 ሲሲ በላይ የሆኑት ለረጅም ጉዞ ቢመቹም በዋጋ፣ በነዳጅና በመለዋወጫ ይከብዳሉ።

በስም የሚጠራው መጠንና ትክክለኛው ልኬት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ለምሳሌ «150» ተብሎ የሚሸጠው ቦክሰር ትክክለኛ መጠኑ 144.8 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱም 12 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው።

ከፍታም በሒሳቡ መግባት አለበት። አየር ከፍ ባለ ቁጥር ስለሚሳሳ፣ አየርን በተፈጥሮ ግፊት ብቻ የሚስብ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። የዝዋይ ሐይቅ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ፋብሪካው 12 ያለው የፈረስ ጉልበት ወደ 10 ይወርዳል ማለት ነው። አርሲ ነገሌ ከ2,000 ሜትር፣ አሰላ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆኑ ወደዚያ ሲወጣ ጉልበቱ ይበልጥ ይቀንሳል። 100 ሲሲ ሞተር ሁለት ሰው ጭኖ የአሰላን ዳገት ሲወጣ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

የሞተር ዓይነቶችና ጠባያቸው

በኢትዮጵያ «ባጃጅ» የሚለው ስም ለባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ቢቀርም ቦክሰር የተባለውን ሞተር ሳይክል የሚሠራውም ይኸው የሕንድ ኩባንያ ነው። ቦክሰርና የቲቪኤስ ኩባንያ ኤችኤልኤክስ የተባለው ሞተር ለጭነትና ለዕለት ሥራ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ኮርቻቸው ረጅም፣ የኋላ ዕቃ መጫኛቸው ጠንካራ፣ ሞተራቸውም በአየር የሚቀዘቅዝና ቀላል አሠራር ያለው ነው። የቲቪኤስ አፓቼን የመሰሉት ደግሞ ፈጣንና በፍሬን የተሻሉ ቢሆኑም አቀማመጣቸው ወደ ፊት ያዘነበለ በመሆኑ ለሁለት ሰውና ለጆንያ አይመቹም።

ከጃፓን ሥሪቶች ሆንዳ ሲጂ 125 ልዩ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበው ይህ ሞተር፣ ዘይት በወቅቱ በማይቀየርበትና ጥገና በሚዘገይበት አገር እንዲጸና ታስቦ የተነደፈ ነው። በኋላ በርካታ የቻይና ፋብሪካዎች ይህንኑ ንድፍ ተከትለው በልዩ ልዩ ስም ሠርተዋል። ያማሃ ኤጂ የተባሉት የእርሻ ሞተሮች ደግሞ ሰንሰለታቸው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፤ ይህም በአቧራማ መንገድ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው።

በካርቡራተር የሚሠራና በኤሌክትሮኒክ መርጫ ነዳጅ የሚረጭ ሞተርም ይለያያሉ። መርጫው ከከፍታው ጋር ራሱን ያስተካክላል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ሲበላሽ ግን የመመርመሪያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል። ካርቡራተር ግን በማንኛውም የመንገድ ዳር መካኒክ ተፈቶ ይጸዳል። ነዳጅ አንዳንድ ጊዜ በጀሪካን እየተገዛ ቆሻሻ ይዞ በሚገባበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በባትሪ የሚነሣ ሞተር ሲገዛም በእግር ተረግጦ የሚነሣበት መርገጫ እንዳለው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ባትሪው ገጠር ውስጥ ቢሞት ሞተሩን ገፍቶ ከማስነሣት ያድናል።

አቧራ፣ እሾህና ሙቀት

በቡልቡላ ዙሪያ ሞተርን ቀድሞ የሚጎዳው አቧራ ነው። ፊልትሮ የሚባለው የአየር ማጣሪያ ሲታፈን ሞተሩ ነዳጅ ያበዛል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ፊልትሮው ተቀዶ አቧራ ሲያሳልፍ ደግሞ ሲሊንደሩ ይፋቃል። ስለዚህ በበጋ ማጣሪያውን በየሳምንቱ መመልከት፣ ከመግዛት በፊትም ያለ ብዙ ድካም የሚወጣ መሆኑን ማየት ይገባል። ሰንሰለት ላይ ወፍራም ግራሶ መለጠፍ አሸዋን ይዞ ጥርሱን ስለሚሞርድ፣ አጽድቶ በስሱ ዘይት መቀባት ይመረጣል።

ሁለተኛው ችግር የግራር እሾህ ነው። ከከመነዳሪ ጋር የሚሠራ ጎማ በእሾህ ሲወጋ አየሩ ወዲያው ይወጣል፤ ሆኖም ጎሚስታ ባለበት ሁሉ በቀላሉ ይለጠፋል። ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ጎማ አየሩን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ በአውራ ጎዳና ላይ ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ቸርኬው በድንጋይ ከተጣመመ ግን አየር አይዝም። በገጠር መንገድ ለሚውል ሰው ሽቦ ያለው ቸርኬና ትርፍ ከመነዳሪ ይሻሉታል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። አነስተኛ ሞተር የሚይዘው ዘይት 1 ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ ዘይቱ ሲቀንስ ወይም ሲያረጅ ሞተሩ ቶሎ ይጎዳል። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚጠመቀው በዚሁ ዘይት ውስጥ ነው። በመሆኑም ለመኪና የተዘጋጀ ማለስለሻ የተጨመረበት ዘይት ፍሪሲዮኑ እንዲንሸራተት ሊያደርግ ስለሚችል ለሞተር ሳይክል የተዘጋጀውን መጠቀም ይገባል።

መለዋወጫው የት ይገኛል?

ከሁሉም በላይ ሚዛን የሚደፋው ይህ ጥያቄ ነው። ከግዢ በፊት የታሰበውን ሞተር የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ሰንሰለት፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታና ፊልትሮ ዋጋ በባቱ፣ በሻሸመኔና በአዳማ ሱቆች መጠየቅ ጥሩ ነው። ከእነዚህ አንዱ «ከአዲስ አበባ ይመጣል» ከተባለ ሞተሩ በዓመት ለስንት ቀን እንደሚቆም መገመት አያዳግትም። በርካሽ የተገዛ፣ ግን መለዋወጫው የማይገኝ ሞተር ሥራ የሚያስፈታ ዕዳ ይሆናል። በአካባቢው በብዛት የሚነዳውን ዓይነት መምረጥ ማለት መካኒኩ የሚያውቀውን፣ ጎረቤትም ትርፍ ዕቃ የሚያበድርበትን መምረጥ ነው።

ያገለገለ ሞተር ሲገዛ

ያገለገለ ሞተር በቀን ብርሃን፣ ሞተሩ ከመሞቁ በፊት መታየት አለበት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ማቀዝቀዝና እንደገና ማስነሣት ይገባል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርስ ሹል ሆኖ ከተቆለመመ አልቋል ማለት ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር የኩሽኔታውን ጤንነት ይገልጻል። ከኋላ ሆኖ ሲታይ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ሞተሩ ወድቆ ተጣምሟል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ሰነዱም እንደ ሞተሩ ይመረመራል። በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮች በሞተር ሳይክሉ ላይ ከተቀረጹት ጋር መመሳሰል አለባቸው። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ሊብሬው «በኋላ ይመጣል» የተባለለት ሞተር ምንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል። ገንዘቡም ሞተሩም በአንድ ቀን ሊጠፉ ይችላሉ።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩት

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መወሰኑ ከታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክልም የብዙዎችን ትኩረት ስቧል። ከቤት ወደ ሥራ ተመላልሶ ማታ ማታ ለሚሞላ ሰው ወጪው አነስተኛ ነው፤ ፊልትሮ፣ ካንዴላና የሞተር ዘይትም የለውም። ሆኖም በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት ከጭነት፣ ከዳገትና ከፍጥነት ጋር ይቀንሳል። የኃይል መቆራረጥ ባለበት ከተማ ለሚኖርና ሩቅ ለሚጓዝ ሰው ብቸኛ ሞተር አድርጎ መያዙ ገና ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባትሪውን የሚጠግንና የሚተካ ሰው በቅርብ መኖሩም አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

ለረጅም ጉዞ

ከቡልቡላ አዳማ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 150 ሲሲ ሞተር በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ለአንድ ጉዞ 3 ሊትር ተኩል ይበቃዋል። 11 ሊትር የሚይዝ ሞተር ደርሶ መልስ ሄዶም ይተርፈዋል። ወደ ደቡብ የሚጓዝ ደግሞ የላንጋኖን ሐይቅና የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክን እያየ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ አድርጎ ሐዋሳ ይደርሳል።

በዚህ ጎዳና ላይ የሚያሰጋው ርቀቱ ሳይሆን አብሮ የሚሄደው ነው። የከባድ መኪና ነፋስ ቀላል ሞተርን ይገፋል፤ ከብትና የአህያ ጋሪ በድንገት ይገባሉ። በመሆኑም የፊት መብራቱ ብርቱ የሆነ፣ የፊት ፍሬኑ ዲስክ የሆነና ፍሬቻው የሚሠራ ሞተር መምረጥ ለቅንጦት አይደለም። ጉዞን ማለዳ ጀምሮ ከመምሸቱ በፊት መጨረስ፣ በየሰዓቱም ቆም ብሎ ሞተሩንም ነጂውንም ማሳረፍ ይመከራል።

የክፍያ ፈጣን መንገዶች ለሁሉም ተሽከርካሪ ክፍት ስላልሆኑ ከመግባት በፊት በመግቢያው መጠየቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባም ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ መጣሏን ከክልል ከተሞች የሚሄድ ሰው ሊዘነጋው አይገባም።

ሕግና ደኅንነት

ሞተር ሳይክል ለመንዳት ለምድቡ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ፣ ሰሌዳ፣ የታደሰ ቦሎና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ያስፈልጋል። እነዚህ ወጪዎች ከሞተሩ ዋጋ ጋር አብረው መታሰብ አለባቸው።

ሄልሜትም እንዲሁ። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃልለው እንዳሳዩት፣ ሄልሜት ማድረግ በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው የራሱ ሄልሜት ያስፈልገዋል። ገንዘቡ ለ150 ሲሲ ሞተር ብቻ የሚበቃ ሰው 125 ሲሲ ገዝቶ በትርፉ ሁለት ጥሩ ሄልሜት ቢገዛ የተሻለ ምርጫ አድርጓል።

በጥቅሉ ለቡልቡላና ለአካባቢዋ፣ ለሥራም ለጉዞም በአንድ ሞተር መጠቀም ለሚፈልግ ሰው ከ125 እስከ 150 ሲሲ የሆነ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ በእግርም የሚነሣ፣ መለዋወጫው ባቱ ወይም ሻሸመኔ የሚገኝ ሞተር ተመራጭ ነው። ብቻውን አጭር መንገድ የሚመላለስ 100 ሲሲ ይበቃዋል፤ ውሎው ገጠር የሆነ ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለውን ይምረጥ። ሞተሩ ከተገዛ በኋላም በመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች ሳያስጨንቁ መንዳትና ዘይቱን በወቅቱ መቀየር የዕድሜው መሠረት ነው።