«ስኳር ቢወደድስ?»፦ ስፕሬድሺት ከትልልቅ ድርጅቶች ወደ ትንሿ ሱቅ የመጣበት መንገድ

እስቲ በአንድ ቀላል ሒሳብ እንጀምር። ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች እንበል። በቀን 100 ሲኒ ትሸጣለች፤ አንዱ ሲኒ 25 ብር ነው። ገቢዋ 2,500 ብር ሆነ። ወጪዋስ? ለቡና 900፣ ለስኳር 200፣ ለከሰል 250፣ ለቦታ ኪራይ 350፤ በድምሩ 1,700 ብር። ማታ እጇ ላይ 800 ብር ይቀራል ማለት ነው። (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የሠፈራችሁን ዋጋ ተክታችሁ መሥራት ትችላላችሁ።)

አሁን ስኳር ተወደደና የቀኑ የስኳር ወጪ ከ200 ወደ 300 ብር ወጣ። ትርፉ ወደ 700 ወረደ። ታዲያ ምን ታድርግ? ሲኒውን 30 ብር ብታደርገው ደንበኛ ይሸሻል። ግን ስንት ሲኒ ቢቀርባት ነው ዋጋ መጨመሯ የሚጎዳት? አሥር? ሃያ? ሠላሳ? ይህን በወረቀት ለመመለስ እያንዳንዱን ግምት ከላይ እስከ ታች እንደገና ማባዛት፣ መደመርና መሰረዝ ይጠይቃል። ከሁለት ሦስት ሙከራ በኋላ ማንም ይሰለቻል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በግምት መወሰን ነው።

«ይህ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅ ማንም ይችላል። መልሱን በፍጥነት ማግኘት ግን ለረጅም ጊዜ የትልልቅ ድርጅቶች ዕድል ብቻ ነበር። ይህ እንዴት እንደተለወጠ ነው ዛሬ የምናወራው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰፊው ወረቀት

ስፕሬድሺት የሚለው ስም ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። በእንግሊዝኛ «የተዘረጋ ወረቀት» እንደማለት ነው። የሒሳብ ሠራተኞች በሁለት ገጽ ላይ የሚዘረጋ፣ በመስመር የተከፋፈለ ሰፊ ወረቀት ይጠቀሙ ነበር። ወሮቹ በዓምድ፣ የወጪ ዓይነቶቹ በረድፍ ይቀመጣሉ፤ ድምሩ ጥግ ላይ ይጻፋል። ችግሩ አንድ ቁጥር ሲቀየር ይመጣል። በዚያ ቁጥር ላይ የተመሠረተው ሁሉ ይሰረዛል፣ እንደገና ይሰላል፣ እንደገና ይጻፋል። በመሐል አንድ ስህተት ከገባ ደግሞ እስከ መጨረሻው ድምር ድረስ ይሄዳል።

ይህን ሥራ ለኮምፒውተር የመስጠቱ ሐሳብ ቀድሞ ነበረ። በ1969 ሬኔ ፓርዶ እና ሬሚ ላንዳው ላንፓር የተባለ ፕሮግራም ሠርተው ነበር፤ እንደ ቤል ካናዳ ያሉ ግዙፍ ድርጅቶች በጀታቸውን አወጡበት። ግን ይህ የሚሠራው የአንድ ድርጅት ሙሉ ክፍል በሚይዙ ውድ ማሽኖች ላይ ነው። አንድ ባለሱቅ እንዲህ ያለ ማሽን አጠገብ የመድረስ ዕድል አልነበረውም። ልብ በሉ፤ ሐሳቡ ነበረ፣ ፕሮግራሙም ነበረ። የጎደለው ተራው ሰው ሊገዛው የሚችል መሣሪያ ነው።

ላጲስ የማይፈልግ ሰሌዳ

በ1978 ዳን ብሪክሊን የሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ከዚያ በፊት በኤም.አይ.ቲ. ተምሮ በኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። ክፍል ውስጥ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሒሳብ ሰንጠረዥ ይሠራሉ። አንድ ቁጥር ሲቀየር ጠመኔውን እያጠፉ ተከታዮቹን ሁሉ እንደገና መጻፍ ግድ ይሆናል። ብሪክሊን ይህን እያየ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ሰሌዳ ማሰብ ጀመረ።

ጓደኛው ቦብ ፍራንክስተን የፕሮግራሙን ኮድ ለመጻፍ ተስማማ። የራሳቸው ትልቅ ኮምፒውተር ስላልነበራቸው በኤም.አይ.ቲ. ማሽን ላይ ሰዓት ይከራዩ ነበር። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ኪራዩ ይረክሳል፤ ስለዚህ ፍራንክስተን ሌሊቱን ይሠራ ነበር። ለትንሽ ንግድ የሚሆነው መሣሪያ ራሱ የተወለደው ወጪውን በሚቆጥር ትንሽ ንግድ ውስጥ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ፕሮግራሙ ቪዚካልክ ተባለ። በ1979 መገባደጃ አፕል 2 ለተባለው የግል ኮምፒውተር ለገበያ ቀረበ። ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ርካሽ አልነበረም፤ በ1977 ሲወጣ በትንሹ ሜሞሪ 1,298 ዶላር ነበር፣ ቪዚካልክን ለማስኬድ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ሜሞሪ ያስፈልግ ነበር። ቢሆንም አሜሪካ ውስጥ አንድ ሐኪም ወይም ባለሱቅ ሊያስብበት የሚችል ገንዘብ ነው። ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ ቪዚካልክን ካየ በኋላ ለእሱ ሲል ኮምፒውተሩን ገዛ።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ዘዴውን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ሰንጠረዡ በትናንሽ ሳጥኖች ይከፈላል። ዓምዶቹ በፊደል፣ ረድፎቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሳጥን እንደ ቤት ቁጥር ያለ አድራሻ አለው፦ ኤ1፣ ቢ2፣ ሲ3። ይህ አጠራር ከቪዚካልክ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተቀየረም።

ትልቁ ነገር ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ነው። ገቢው ላይ «2,500» ብላችሁ አትጽፉም፤ «የሲኒው ብዛት ሲባዛ በሲኒው ዋጋ» ብላችሁ የሁለቱን ሳጥን አድራሻ ትጽፋላችሁ። ሳጥኑ የሚያስታውሰው ግንኙነቱን ነው። ዋጋውን ስትቀይሩ ገቢው፣ ከገቢው ትርፉ፣ ከቀኑ ትርፍ የወሩ ትርፍ ተከታትለው ይለወጣሉ።

ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ አንድ እንቅፋት አለው፦ የትኛው ሳጥን ቀድሞ ይሰላ? ትርፉ ከገቢው በፊት ከተሰላ የድሮውን ገቢ ይዞ ይቀራል። ቪዚካልክ ረድፍ በረድፍ ወይም ዓምድ በዓምድ ነበር የሚያሰላው፤ አንዳንዴ ትክክለኛውን መልስ ለማግኘት ሁለቴ ማስላት ያስፈልግ ነበር። በ1983 የወጣው ሎተስ 1-2-3 ግን የቱ በየቱ ላይ እንደሚመሠረት ራሱ ለይቶ በዚያ ቅደም ተከተል ያሰላል። ሎተስ ገበያውን ወሰደ፤ በ1985 የእነብሪክሊንን ኩባንያ ገዛው። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኤክሴልን መጀመሪያ ለማኪንቶሽ አወጣ። በ2006 ደግሞ ጉግል በኢንተርኔት የሚሠራ ስፕሬድሺት በነፃ አቀረበ። የአንድ ድርጅት ሙሉ ክፍል ይይዝ የነበረው ሥራ ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ ይሠራል።

ወደ ቡናችን እንመለስ

አሁን የሴትዮዋን ሰንጠረዥ ስልካችሁ ላይ አውጡት። አንድ ነገር ግን መለየት አለባችሁ። ቡናና ስኳር በሲኒው ብዛት ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉም፤ ለአንድ ሲኒ የቡናው 9 ብር፣ የስኳሩ (ከተወደደ በኋላ) 3 ብር ይደርሳል። ኪራዩ ግን 80 ሲኒ ሸጠች 100 ያው ነው። ከሰሉም እንደዚያው ይሁን። ሁለቱ አንድ ላይ 600 ብር ናቸው።

ሲኒውን 30 ብር ስታደርገው ከእያንዳንዱ ሲኒ 18 ብር ይተርፋታል። 80 ሲኒ ከሸጠች 1,440፣ ከዚያ 600 ሲቀነስ 840 ብር። ከ700ው ይበልጣል! 73 ሲኒ ከሸጠች 714 ብር፤ አሁንም ይሻላል። 72 ከሆነ ግን 696 ብር። መልሱ ተገኘ ማለት ነው፦ በቀን እስከ 27 ሲኒ ቢቀርባት ዋጋ መጨመሩ ያዋጣታል፤ 28ኛው ሲቀር መጎዳት ትጀምራለች። በወረቀት ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ነገር አንድ ሳጥን በመቀየር ብቻ ይታያል።

ንጹሕ ሰንጠረዥ፣ የተሳሳተ መልስ

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ስፕሬድሺት የምትነግሩትን ያምናል። በ2010 ካርመን ራይንሃርት እና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ስመ ጥር የምጣኔ ሀብት ምሁራን ስለ መንግሥታት ዕዳና ስለ ዕድገት አንድ ጽሑፍ አወጡ፤ ፖለቲከኞችም ብዙ ጠቀሱት። በ2013 ቶማስ ኸርንደን የተባለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የኤክሴል ፋይሉን አግኝቶ ሲመረምር፣ አማካዩን የሚያሰላው ፎርሙላ ከ20 አገሮች 5ቱን እንደዘለለ አየ። ምሁራኑ ዋናው መደምደሚያችን አልተለወጠም ቢሉም የፎርሙላውን ስህተት አምነዋል።

በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ 16,000 ገደማ የኮቪድ ተጠቂዎች በሰዓቱ ከሪፖርቱ ቀሩ። ምክንያቱ የቆየው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አለመያዙ ነው፤ ትርፉ መረጃ ዝም ብሎ ተቆረጠ። የእነዚያን ሰዎች ንክኪዎች ፈልጎ የማስጠንቀቁ ሥራም በቀናት ዘገየ።

ለትንሽ ነጋዴም ያው ነው። የዱቤ ደብተሩ ላይ ያልተጻፈ ዱቤ ሰንጠረዡም ላይ የለም። የቤተሰብ ወጪ ከሱቁ ገንዘብ ሲወጣ ካልተመዘገበ ትርፉ በስክሪን ላይ ያምራል፣ ኪስ ውስጥ ግን አይገኝም። ስለዚህ ለእናታችሁ ወይም ለአጎታችሁ ሱቅ ሰንጠረዝ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ አብራችኋቸው ተቀምጣችሁ መዝግቡ። ፎርሙላው ከዚያ በኋላ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ስትጨርሱ ደግሞ አንዱን ቀን በእጃችሁ ደምሩና ከሰንጠረዡ ጋር አመሳክሩ።

የመጨረሻውን ጥያቄ ግን ለባለሱቋ ተዉላት። ሰንጠረዡ 28ኛው ሲኒ ላይ መስመር ያሰምራል። ዋጋው ሲጨምር የትኛው ደንበኛ እንደሚቀር፣ የትኛው «ምን ይደረግ፣ ሁሉም ተወዷል» ብሎ በርጩማው ላይ እንደሚቀመጥ የምታውቀው እሷ ናት።