ፊርማና ምክር፦ የአካዳሚክ አማካሪነት በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ተራ ሊመስል ይችላል። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ተማሪዎች የኮርስ መመዝገቢያ ቅጽ ይዘው በትምህርት ክፍሉ ደጃፍ ይሰለፋሉ። መምህሩ «የአካዳሚክ አማካሪ» ከሚለው መስመር ላይ ይፈርማል፤ ተማሪውም ቅጹን ይዞ ወደ ሬጅስትራር ይሄዳል። እኔም ቀና ብዬ የባለቤቱን ፊት ሳላይ የፈረምሁባቸው ቅጾች ብዙ ናቸው። ይህ ፊርማ ከየት መጣ? ምንስ ሊያደርግ ታስቦ ነበር? ዛሬ ልመልሰው የምሞክረው ጥያቄ ይህ ነው።

አማካሪነት ምርጫን ተከትሎ የሚመጣ ሥርዓት ነው። ቻርልስ ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1869 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተማሪዎች ኮርሶቻቸውን በስፋት እንዲመርጡ በር ከመክፈቱ አስቀድሞ፣ የአሜሪካ ኮሌጆች ተማሪ በአብዛኛው የታዘዘለትን ይማር ነበር። መንገዱ አንድ ብቻ ለሆነ መንገደኛ መሪ አያስፈልገውም። መንገዱ ሲበዛ ግን የሚሳሳተው በዛ፤ ከመምህራን መካከል ተማሪን የሚያማክር ሰው መመደብም ግድ ሆነ።

ምርጫና ምክር ለእኛ አገርም እንግዳ አልነበሩም። የቆሎ ተማሪ ንባብና ዜማ ከቀጸለ በኋላ ቀጣዩን ጉባኤ ቤት ራሱ ይመርጥ ነበር፤ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር። የኔታ የልጁን ድምፅ፣ የማስታወስ ኃይሉንና ትዕግሥቱን ስለሚያውቁ የሚበጀውን ይነግሩታል። ደረሳውም ከሼህ ወደ ሼህ፣ ከኪታብ ወደ ኪታብ የሚሻገረው በተመሳሳይ መንገድ ነበር። ይህን ዘመን ማስዋብ አያሻም፤ ረኃቡና አለንጋው የበረታ ነበር፤ ሴት ልጆችም በአመዛኙ ከደጅ ቀርተዋል። ሆኖም መካሪው የሚመክረውን ሰው ያውቀው እንደነበር አይካድም።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. ሲጀመር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል በዶክተር ሉሲየን ማት ይመራ ነበር። ተማሪዎቹ ጥቂት ስለነበሩ መምህሩ እያንዳንዱን በስሙ ለማወቅ አይቸገርም ነበር። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የአሜሪካው አሠራር ይበልጥ ሥር ሰደደ፤ የክሬዲት ሰዓት፣ የፍሬሽማን ዓመትና የአማካሪ ፊርማም በዚሁ አሠራር ውስጥ ቦታቸውን ያዙ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ደንብ መሠረት ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየሄዱ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት ያገለግሉ ነበር። ዩኒቨርሲቲን አይቶ ለማያውቅ የገጠር ከተማ ልጅ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ በአንደበቱ የሚነግረው ሰው ክፍል ውስጥ ፊት ለፊቱ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የታሪኩ አቅጣጫ ተለወጠ። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተዘጋ። በተከተሉት ዓመታት ተመራቂን በሥራ መደብ የሚያስቀምጠው መንግሥት ሆነ። ደርግ ካለፈም በኋላ ተማሪን በየዩኒቨርሲቲው የመመደብ ሥልጣን ከማእከል አልወጣም። ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሰባ በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊና ሰብአዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወሰነ፤ ዩኒቨርሲቲዎችና ተማሪዎቻቸውም በፍጥነት በዙ። ቅጹ ሳይለወጥ ምርጫው ግን አብዛኛውን ወደ ምደባ ዞረ። በእኔ አመለካከት አማካሪው ፈራሚ ብቻ የሆነው በስንፍናው ብቻ አይደለም፤ የሚመክርበት ጉዳይ ከእጁ ስለወጣ ጭምር ነው።

ይህ ጉዳይ በአካባቢያችን ምን ትርጉም እንዳለው ለማየት ወደ ጊች እንመልከት። ከባሕር ጠለል ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በዚያ አምባ ገብስ እያመረቱ ከብት ያረቡ የነበሩ ከአራት መቶ በላይ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው በደባርቅ ሰፈሩ። ፓርኩ በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ለአደጋ ከተጋለጡ ቅርሶች ካሰፈረበት መዝገብ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ደባርቅ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆነች። የጊች አባት ውርጭ መቼ እንደሚወርድ፣ ገብስ በየትኛው ተዳፋት እንደሚይዝ ለልጁ ይመክር ነበር፤ በዚያ ጉዳይ ከእርሱ የተሻለ አማካሪ አልነበረም። ዛሬ ያው ልጅ ወይም ያቺው ልጅ «የትኛውን ትምህርት ክፍል ልምረጥ?» ብላ ብትጠይቀው ግን የሚመልሰው የለውም። በምደባ ከቤቷ ደጅ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ትታ ወደ ሩቅ ክልል ልትሄድም ትችላለች፤ የሌላ ክልል ልጅ ደግሞ ወደ ደባርቅ ይመጣል። በሁለቱም ስፍራ የወላጅ ምክር የማይደርስበት ቦታ ላይ የሚቆመው አማካሪው ነው።

ምርጫውም በከፊል ተመልሷል። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት እንደገና ስለተጀመረ ተማሪው የትምህርት ክፍሉን የሚለየው ግቢ ከገባ በኋላ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ የሬሜዲያል ትምህርት ተጀመረ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ያለ መውጫ ፈተና ምረቃ የለም። በአንድ ተማሪ መንገድ ላይ ሦስት ደጆች ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ደጅ ላይ ያልተመከረ ልጅ ዓመታቱን ሊያጣ ይችላል።

ባልደረቦቼ፣ የተማሪዎቻችን ቁጥር ብዙ፣ ጊዜያችንም አጭር እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከፊርማው በፊት ውጤቱን ማንበብ፣ ከየት እንደመጣና በቤቱ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው እንዳለ መጠየቅ፣ የመጀመሪያው ፈተና ሳይደርስ አንድ ጊዜ አስቀምጦ ማነጋገር አዲስ በጀት አይጠይቅም። አባቶቻችን «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ። ንጉሥ እንዲህ ከሆነ፣ ከአምባው ወርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢያችንን የረገጠ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅማ እንዴት ይሆን?