ሹብ ላብ፤ የባቲያ ነጋዴዎች ታሪክ

የነገሥታት ታሪክ በዜና መዋዕል ይጻፋል፤ የሊቃውንት ታሪክ በመጻሕፍታቸው ይነበባል። የነጋዴ ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ መዝገቡ ሲዘጋም ነጋዴው አብሮ ይረሳል። ዛሬ ለአንባቢያን ለማቅረብ ያሰብነው፣ በብዙ አገር ተበትኖ ሳለ ወገኑን ያልረሳ የአንድ የነጋዴ ሕዝብ ታሪክ ነው፤ ሕዝቡም ባቲያ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የሕንድ ነጋዴ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በምፅዋ ወደብ ባኒያን የሚባሉ የሕንድ ነጋዴዎች ተቀምጠው ከዳህላክ ደሴቶች የሚወጣውን ሉል ይገዙ፣ ጨርቅ ያስመጡ፣ የዝሆን ጥርስ ይልኩ ነበር። ነገር ግን ባኒያን የሚለው ለልዩ ልዩ ወገን በአንድነት የተሰጠ ስም ነው። በዐረብ ባሕርና በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ በዚህ ስም ከተጠሩት መካከል ስማቸው ከገነነው አንዱ ወገን ባቲያዎች ናቸው።

ባቲያዎች ትውልዳቸውን የሚቈጥሩት ባቲ ከሚባሉት የራጅፑት ጦረኞች ነው። እነዚህም ባቲዎች በታር በረሓ ውስጥ ጃይሳልመር የምትባለውን ባለምሽግ ከተማ በ1156 እንደ መሠረቱ ይነገራል። ከጊዜ በኋላ ግን ከጦረኞቹ የተለዩት ሰይፉን ሰቅለው ሚዛኑን አነሡ። ከበረሓው ወደ ባሕሩ ወርደው በሲንድ፣ በከችና በካትያዋር ተቀመጡ፤ ከነዚህም ታታ በምትባለው የሲንድ ከተማ የነበሩት ታታይ ባቲያ፣ በከች የነበሩት ከቺ ባቲያ ተባሉ። ሃይማኖታቸው የሂንዱ ሃይማኖት ነው፤ ብዙዎቹም ከ1479 እስከ 1531 የነበረውን የቫላባቻርያን ትምህርት ይከተላሉ፤ ሥጋ አይበሉም፤ ክሪሽናን ሽሪናትጂ በሚል ስም በሕፃን አምሳል ያከብራሉ።

የምንተርከውን ነገር ሁሉ የሚያስተባብር አንድ ልማድ አለ። ዲዋሊ በሚባለው የመብራት በዓል የዚያ አገር ነጋዴዎች አሮጌውን የሒሳብ መዝገብ ዘግተው አዲሱን አስባርከው ይከፍታሉ፤ በመዝገቡም ላይ «ሹብ» እና «ላብ» የሚሉ ሁለት ቃላት ይጽፋሉ። በቋንቋቸው ሹብ ማለት መልካም፣ የተባረከ ማለት ነው፤ ላብ ማለት ደግሞ ትርፍ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ላብ የደካማ ሰው ወዝ እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል። የቅኔ ተማሪ የሆነ ሰው ይህን የሁለት ቋንቋ ግጥጥም ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፈውም፤ ትርፉ የማን ላብ ነው? መልካምስ ነውን? ብሎ ይጠይቃል። እኛም ታሪካቸውን የምንመረምረው በዚህ ጥያቄ ነው።

የከች ታላቅ ወደብ ማንድቪ ናት። በበጋ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ ጀልባዎች ከማንድቪ ተነሥተው ወደ ማስቃጥና ወደ ዘንዚባር ይሄዱ ነበር፤ በክረምት ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲዞር ይመለሱ ነበር። ባሕር መሻገር በሂንዱዎች ዘንድ የሚያረክስ ተብሎ ይፈራ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ነጋዴዎቹ የንጽሕና ሥርዓታቸውን እንዳያፈርሱ ምግባቸውን ከወገናቸው በቀር ሌላ ሰው አያበስልላቸውም ነበር። ሚስቶቻቸውንም በአገር ቤት ትተው ይሄዱ ነበር። ነጋዴው ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ሲመለስ ወንድሙ ወይም የወንድሙ ልጅ በቦታው ይተካል። በማንድቪ ደጃፍ ባሕሩን እያዩ የኖሩት የሚስቶቻቸው ዓመታት በየትኛው መዝገብ እንደ ተጻፉ አናውቅም፤ የትርፉ አንዱ ወጪ ግን ይህ ነበር።

ገንዘብን ከወደብ ወደ ወደብ የሚያሻግሩት ብሩን በከረጢት ተሸክመው ብቻ አልነበረም። ሁንዲ የሚባል ወረቀት ነበራቸው። አንዱ ነጋዴ በዘንዚባር ገንዘብ ተቀብሎ ወረቀት ይጽፋል፤ ወረቀቱን የያዘ ሰው በቦምቤ ለሌላው ነጋዴ አሳይቶ ገንዘቡን ይቀበላል። ይህን የሚያጸናው ወታደር ወይም ዳኛ ሳይሆን የወገን እምነት ነው፤ አንድ ጊዜ ቃሉን ያፈረሰ ሰው በሁሉ ወደብ ስሙ ይጠፋልና።

ባኒያኖች በማስቃጥ መኖር የጀመሩት ከጥንት ነው። ኢብን ሩዘይቅ የተባለው የዖማን ታሪክ ጸሐፊ የሚተርከው አንድ ነገር አለ። ፖርቱጊዞች ማስቃጥን ይዘው ሳሉ ፔሬራ የተባለው አዛዥ ናሩተም የተባለውን የባኒያን ነጋዴ ልጅህን ዳርልኝ አለው። ነጋዴው ሃይማኖቴ አይፈቅድም ቢል አዛዡ በኀይል አስፈራራው። በዚህ ጊዜ ናሩተም እሺ ያለ መስሎ ለሠርጉ መዘጋጃ ጊዜ ለመነ። እግረ መንገዱንም፣ በምሽጉ ያለው ውሃ ቈይቷል፣ ስንዴው ነቅዟል፣ ባሩዱም ተበላሽቷልና ይውጣና በአዲስ ይተካ ብሎ መከረ። አዛዡም አምኖ አስወጣው። አዲሱ ሳይገባ ናሩተም ወደ ኢማም ሱልጣን ቢን ሰይፍ ላከ፤ ኢማሙም መጥቶ ባዶውን ምሽግ ያዘ። ተረኩ እንዲህ ይላል። ማስቃጥ በ1650 ከፖርቱጊዞች እጅ መውጣቷ የተረጋገጠ ነው። ይህም ሚዛን ብቻ የያዘ ሰው በሰይፍ ፊት ምን ማድረግ እንደሚችል የሚያሳይ ነው።

የዖማን ገዢ ሰይድ ሰዒድ በ19ኛው መቶ ዓመት መንግሥቱን ወደ ዘንዚባር ባዞረ ጊዜ ባቲያዎችም ተከትለው ሄዱ። በዚያም ከሁሉ የበለጠው ከከች የመጣው የጃይራም ሺቭጂ ቤት ነበር። የሥራው አኳኋን እንዲህ ነው፤ ሱልጣኑ የጉምሩኩን ገቢ ለአንድ ነጋዴ ለተወሰነ ዘመን ያኮናትራል፤ ነጋዴው በየዓመቱ የተቈረጠውን ገንዘብ ለሱልጣኑ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ የሰበሰበው ለራሱ ይሆናል። በእኛ አገር የነጋድራስን ሹመትና የኬላን ግብር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገንዘቡም ቢሆን እኛ የምናውቀው ነው፤ ያ በአባቶቻችን ገበያ ሲቈጠር የነበረው የማርያ ቴሬዛ ብር በዘንዚባር ጉምሩክም ይቈጠር ነበር።

በ1833 አሜሪካ፣ በ1839 ኢንግሊዝ፣ በ1844 ፈረንሳይ ከሱልጣኑ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋሉ የገቢው ቀረጥ ከመቶ አምስት ሆነ፤ ይህን ሁሉ የሚቀርጠው የጃይራም ቤት ነበር። በ1837 የአሜሪካ ቆንስል ሆኖ የመጣው ሪቻርድ ዎተርስ ንግዱን ለማካሄድ ከጃይራም ጋር መስማማት አስፈለገው። ከአሜሪካ ጨርቅ ይገባል፤ ከአፍሪካ የዝሆን ጥርስ፣ ሙጫና ቅርንፉድ ይወጣል። በ1857 ሪቻርድ በርተንና ጆን ስፒክ ታላላቆቹን ሐይቆች ለመፈለግ ሲነሡ ለጕዞ ያሰናዳቸው የዚሁ ቤት ወኪል ላዳ ዳምጂ ነው። ጕምሩኩም ጥቂት ዓመታት ለሌላ ከተሰጠበት ጊዜ በቀር እስከ 1886 ድረስ በዚሁ ቤት እጅ ቈየ። ሱልጣኖቹ እንኳ ለዚህ ቤት ብዙ ዕዳ ነበረባቸው፤ መንግሥቱ የዐረብ፣ ቁልፉ የባቲያ ሆነ ቢባል ሐሰት አይደለም።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ገጽ እንመለስ። ወደ አፍሪካ ውስጥ የሚዘልቁት የዐረብና የሱሐሊ ሲራራ ነጋዴዎች ስንቃቸውንና ሸቀጣቸውን የሚወስዱት ከሕንድ ነጋዴዎች በዱቤ ነበር። ሲመለሱ የዝሆን ጥርስ ብቻ ይዘው አይመለሱም፤ ሰዎችንም እያሰሩ ያመጡ ነበር። ወደ ዘንዚባር በሚገባው ባሪያ ሁሉ በነፍስ ወከፍ ቀረጥ ይከፈል ነበር፤ ተቀባዩም ያው የጉምሩክ ቤት ነው። ጉንዳንን እንዳይረግጥ የሚጠነቀቅ፣ የእንስሳ ሥጋ የማይቀምስ ሰው በመዝገቡ የሰውን ልጅ ዋጋ ጻፈ። ከባቲያዎች ብዙዎቹ፣ እኛ ገንዘብ አበደርን እንጂ ሰው አላሰርንም ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ አበዳሪ ገንዘቡ የት እንደ ዋለ ሳይጠይቅ ወለዱን ብቻ ቢጠይቅ ከነገሩ ነጻ አይሆንም።

የኢንግሊዝ ቆንስል ሪግቢ በ1860 የኢንግሊዝ ተገዢ የሆኑ ሕንዶች ባሪያ መያዝ አይችሉም ብሎ በእነርሱ እጅ የነበሩትን በሺህ የሚቈጠሩ ባሪያዎች ነጻ አወጣ። በ1873 ሱልጣን ባርጋሽ በተፈራረመው ውል የዘንዚባር የባሪያ ገበያ ተዘጋ፤ በዚያው በገበያው ስፍራ ላይ ዛሬ የኢንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ይታያል። የመዝገቡን ገጽ የዘጋው የውጭ እጅ እንጂ የነጋዴው ልቡና አልነበረም፤ ይህን መሸሸግ ታሪክን ማጕደል ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ገጽ አንብቦ መዝገቡን ሁሉ መፍረድ አይገባም። በባሕር የተሰበሰበው ገንዘብ ቦምቤ ላይ ሌላ ፍሬ አፈራ። በ1867 የሞተው ጎኩልዳስ ቴጅፓል በተወው ሀብት ሆስፒታልና የሳንስክሪት ትምህርት ቤት ተሠራ። በታኅሣሥ 1885 የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስ የመጀመሪያውን ጉባኤ በፑና ሊያደርግ ሲል ኮሌራ ስለ ገባ፣ 72 መልእክተኞች የተሰበሰቡት በዚሁ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ከሞራርጂ ጎኩልዳስ ልጅ ከናሮታም ሞራርጂና ከባልደረቦቹ የመርከብ ማኅበር የተነሣችው ሎያልቲ የምትባል መርከብ በሚያዝያ 5 ቀን 1919 ከቦምቤ ወደ ሎንዶን ተጓዘች፤ ያ ቀን እስከ ዛሬ የሕንድ የባሕር ቀን ሆኖ ይከበራል። ካርቬ የተባለው መምህር በ1916 ለሴቶች ዩኒቨርሲቲ ቢያቋቁም፣ ቪታልዳስ ታከርሲ የተባለው ባቲያ በ1920 አንድ ሚሊዮን ተኩል ሩፒ ሰጠ፤ ዩኒቨርሲቲውም በእናቱ በናቲባይ ስም ተጠራ። ከአያቶቻቸው ዘመን ጀምሮ በደጃፍ ቆመው ባሕር ይጠብቁ የነበሩት ሴቶች ስማቸው በመጨረሻ በትምህርት ቤት በር ላይ ተጻፈ ማለት ነው። ይህ በእውነት የተባረከ ትርፍ ነው።

ከዚህ በኋላ መበተን መጣ። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ የሲንድ ባቲያዎች ታታንና ካራቺን ትተው ወጡ። በጥር 1964 በዘንዚባር አብዮት ተነሣ፤ አያቶቻቸው የጉምሩኩን ቁልፍ የያዙባትን ደሴት ብዙዎቹ ሕንዶች ጥለው ሄዱ። ዛሬ ባቲያዎች በሕንድ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በኢንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌላም አገር ይኖራሉ። በባሕሬን በማናማ ከተማ ታታይ ባቲያዎች በ1817 የሠሩት የሽሪናትጂ ቤተ መቅደስ በ2019 የሁለት መቶ ዓመት መታሰቢያው ተከበረ። በ1870 ራምዳስ ታከርሲ ከማንድቪ ወደ ማስቃጥ መጥቶ የመሠረተው የኪምጂ ራምዳስ ቤት ዛሬም አለ። ከዚሁ ቤተ ሰብ የተወለደውና በ2021 ያረፈው ካናክሲ ኪምጂ የዖማን ዜግነት አግኝቶ ሂንዱ ሳለ ሼክ የሚል ማዕርግ ተሰጠው። ሃይማኖቱን ሳይለውጥ በባዕድ አገር መከበር እንደሚቻል ለዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ የእኛም ልጆች በማስቃጥ፣ በባሕሬንና በዱባይ ለሥራ ይኖራሉና ይህ ታሪክ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። የተበተነ ሕዝብ እንዳይጠፋ ያቈየው ምንድር ነው ብንል ሦስት ነገር እናገኛለን፤ የማይታጠፍ ቃል፣ ወገን የሚሰበሰብበት የጸሎት ቤት፣ ከትርፍ ተከፍሎ ለትምህርትና ለሕሙማን የሚሰጥ ድርሻ። ያጐደፈው ምንድር ነው ብንል ደግሞ፣ ትርፉ ከየት እንደ መጣ አለመጠየቅ ነው።

ብዙዎቹ ነጋዴዎች ዛሬ ሒሳባቸውን የሚይዙት በኮምፒውተር ነው። የዲዋሊ በዓል ሲደርስ ግን ያንኑ ኮምፒውተር ከመዝገቡ ጋር አስቀምጠው ያስባርካሉ፤ ሹብ ላብ የሚለውም ቃል ይጻፋል። የቃሉ ቅደም ተከተል ሊስተዋል ይገባዋል፤ መልካሙ ከትርፉ በፊት ይጻፋል።