የውሻው ታሪክ የማን ነው?

ሸርሎክ ሆምስን የወደደ ሁሉ አርተር ኮናን ዶይልን ያውቃል። በርትራም ፍሌቸር ሮቢንሰንንስ? እኔ ራሴ «የባስከርቪሎች ውሻ»ን ካነበብኩ ከዓመታት በኋላ ነው ስሙን ያወቅሁት።

ሰውየው ጋዜጠኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ስለ አንድ አስፈሪ ውሻ የሚነገረውን አፈ ታሪክ ለዶይል አጫወተው፤ ቀጥሎም በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዳርትሙርን አብረው ዞሩ። ዳርትሙር ጭጋግ የሚያዘወትረው፣ ረግረጉ እግር የሚውጥ ራቁት ደጋ ነው። ግሪምስፓውንድ በተባለው ስፍራ የነሐስ ዘመን ሰዎች የኖሩባቸው የ24 ጎጆዎች መሠረት በድንጋይ ካብ እንደተከበበ ዛሬም ይታያል። ሆምስ በጥንት ጎጆ ተሸሽጎ ማደሩን ሳስብ ይህ ቦታ ትዝ ይለኛል። ፕሪንስታውን ላይ ደግሞ በናፖሊዮን ጦርነት ለተማረኩ ፈረንሳውያን የተሠራው ወህኒ ቤት አለ፤ በልቦለዱ እስረኛው የሚያመልጠው ከዚያ ነው። የሮቢንሰን ቤተሰብ ሰረገላ ነጂ ስምስ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባስከርቪል!

ዶይል ሆምስን በ1893 ገድሎት ስለነበር ይህን ታሪክ ከሞቱ በፊት የሆነ አስመስሎ በስትራንድ መጽሔት አወጣው። ሽፋኑ ላይ ያለው የደራሲ ስም ግን አንድ ነው። «ሰረቀ» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም፤ ሮቢንሰንን በመጽሐፉ መግቢያ አመስግኖታልና። ጋዜጠኛው በ1907 በ36 ዓመቱ አረፈ።