ከባት እስከ ቧንቧ

በምሠራበት ባንክ፣ በውጭ ንግድ ክፍል ገና አዲስ ሳለሁ፣ አንድ ፕሮፎርማ እጄ ገባ። ከዕቃዎቹ አንዱን በእንግሊዝኛ «ሆዝ» ይለዋል። መዝገበ ቃላት ገለጥሁ፤ በመጀመሪያው ተራ «የእግር ልብስ» የሚል አገኘሁና፣ ሁለተኛውን ፍቺ ሳላነብ በአማርኛው ማጠቃለያ ላይ «ካልሲ» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ ሁለት ቀን ተጓተተ። በሦስተኛው ቀን ባለ ዕቃው፣ ሸበቶ ነጋዴ፣ መጥተው «ልጄ፣ እኔ የማስመጣው የመስኖ ጎማ ነው፤ በሜትር የሚለካ ካልሲ ለማን ላለብስ ነው?» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ አፍሬ ዋልሁ፤ ማታ ግን ቃሉ እንቅልፍ ነሣኝ።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሆሳ» ነበር፤ የእግር መሸፈኛ ማለት ነው። ጀርመኖች ዛሬም ሱሪን «ሆዘ» ይሉታል። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3፣ ሠለስቱ ደቂቅ ለብሰውት ወደ እቶኑ ከተጣሉት ልብስ አንዱ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው፤ በ1954ቱ የአማርኛ ትርጉም በዚያው ቁጥር «ሰናፊል» እናገኛለን። እሳት ውስጥ የተጣለው ልብስ ስም ኋላ የእሳት ማጥፊያ ስም መሆኑ አይደንቅም?

ከ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ እንግሊዞች ተጣጣፊውን ቧንቧም በዚሁ ስም ጠሩት። ጫፉ የተቆረጠ ረጅም የእግር ሹራብ ላሰበ ሰው ምስጢሩ ሩቅ አይመስለኝም። እውነተኛው የእሳት ማጥፊያ ጎማ ግን የተወለደው አምስተርዳም ነው። በ1670ዎቹ መጀመሪያ ሠዓሊው ያን ቫን ደር ሃይደን ከወንድሙ ጋር ቆዳ አሰፍቶ ረጅም ቧንቧ አበጀ፤ ውኃው በሩቁ ከመረጨት ይልቅ እሳቱ ካለበት ድረስ ይዘለቅ ጀመር። ይህ ሰው በሥዕሉ የከተማውን ቤቶች ጡብ በጡብ እየለየ የሚያሳይ ነበር፤ ቤትን እንዲህ አተኩሮ ያየ ሰው ሲቃጠል ዝም ብሎ ማየት ባይሆንለት አልፈርድበትም። የአገሩ ሰዎች ግን ቧንቧውን ካልሲ አላሉትም፤ «ስላንግ» አሉት፣ እባብ።

ወደ እኛ ስመለስ፣ «ካልሲ»ም «ጎማ»ም የጣልያን ቃላት ናቸው። እንግሊዝ አንዲቱን ቃል ለባትም ለቧንቧም ስታብቃቃ፣ እኛ ሁለት ተበደርን፤ ያውም ከአንድ አበዳሪ። ጎማን ደግሞ ከመኪናው እግር እስከ አትክልት ማጠጫው አሠራነው፤ እንደ ባንክ ሰው ስመዝነው፣ ብድሩ ወለዱን ከፍሏል።

ሽማግሌው ነጋዴ ዛሬም ወደ መስኮቴ ሲመጡ፣ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ጎንበስ ብለው እግሬን ያያሉ።