የዓሊጋር ተማሪዎች የክርክር ማኅበር

እንደሚታወቀው የ1857ቱ ዓመፅ ከከሸፈ በኋላ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሕንድ ሙስሊሞች ከባድ ችግር ላይ ወድቀው ነበር። የሙጋሎች መንግሥት ጨርሶ ጠፋ፤ አገሩም በእንግሊዞች እጅ ገባ። በዚህ ጊዜ ሰይድ አሕመድ ኻን የሚባሉ ሰው «መፍትሔው ትምህርት ነው» ብለው ተነሡ። በ1869 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው የትምህርቱን አያያዝ ከተመለከቱ በኋላ፣ በ1875 ዓሊጋር በተባለች ከተማ መድረሳ ከፈቱ። መድረሳውም ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ኮሌጅነት አደገ። ሰውየው ስለ ዲን በጻፏቸው አንዳንድ አስተያየቶች ምክንያት ብዙ ኡለማዎች የተቃወሟቸው ሲሆን የኩፍር ፈትዋም ወጥቶባቸዋል። ቢሆንም የትምህርቱን ሥራ አልተዉም።

በ1883 ቴዎዶር ቤክ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ የኮሌጁ ርእሰ መምህር ሆነ። ይህ ሰው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የክርክር ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረ ነው። በ1884 በዚያው አምሳል የተማሪዎች ማኅበር በዓሊጋር ተቋቋመ፤ በመጀመሪያው ርእሰ መምህር ስምም «ሲዶንስ ዩኒየን ክለብ» ተባለ። ሥርዓቱ ግልጽ ነበር። አንድ የመከራከሪያ ሐሳብ ይቀርባል፤ አንዱ ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል፤ ከዚያ ሌሎች ተናግረው በመጨረሻ ድምፅ ይሰጣል። ተናጋሪው ተራውን መጠበቅ፣ ሰብሳቢውን ማክበር፣ የተቃዋሚውንም ቃል እስከ መጨረሻው መስማት ነበረበት። በኮሌጁ የሂንዱ ተማሪዎችም ይማሩ ነበር።

የንግግሩ ትምህርት በንግግር ብቻ አልቀረም። ከተማሪዎቹ መካከል አፍታብ አሕመድ ኻን በ1890 «አንጁመን አል-ፈርድ»፣ ማለትም «የግዴታ ማኅበር» የተባለውን አቋቋመ። አባላቱ ከሰዎች ገንዘብ እየለመኑ ለድኻ ተማሪዎች መማሪያ የሚሆን እርዳታ ያሰባስቡ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም እናስተውል። ሰይድ አሕመድም ሆኑ ቤክ ተማሪዎቹ ለእንግሊዝ መንግሥት ታማኝ እንዲሆኑ ይመክሩ ነበር። ሆኖም ከዚያው ኮሌጅ የወጡት ወንድማማቾቹ ሸውከት ዓሊና ሙሐመድ ዓሊ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኺላፋው ንቅናቄ ግንባር ቀደም ሆነው መንግሥቱን ተቃወሙ፤ ታሰሩም። ወጣትን በማስረጃ መናገር ያስተማረ ሰው፣ ወጣቱ ነገ የሚይዘውን አቋም ሊመርጥለት አይችልም። ኮሌጁም በ1920 የዓሊጋር ሙስሊም ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ውድ የጀመዓችን አባላት ሆይ! ክርክር በመልካም መንገድ እንዲሆን ቁርአን ያዘናል። ልጆቻችን ግን ያልለመዱትን አደብ ከየት ያመጡታል? ወጣቱ በመካከላችን ሥርዓት ባለው መድረክ ካልተናገረ፣ ሥርዓት በሌለበት መናገሩ አይቀርም። ስለዚህ ታላላቆች ቁጭ ብለን እናድምጣቸው፤ በምንስማማበት ብቻ ሳይሆን በማንስማማበትም። ከዓሊጋር የምንወስደው ትምህርት ይኸው ነው።